የሎንዞ ሁለተኛው ቀብር

ውድ ሃርቬል፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ነው ተብዬ ስለተማርኩ ነው እንጂ ከልቤ አይደለም። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ የመጣልኝ ግን የዲያቆን ሚስት በወረቀት ላይ የምታሰፍረው ዓይነት አልሆነም።

ሰኞ ስትደውል ስልኩን ያነሳችው የእህቴ ልጅ ናት። እንዴት እንዳለቀስክ ነገረችኝ። «አክስቴ፣ ሰውዬው መናገር እንኳ አቅቶት ነበር» አለችኝ፤ አንጀቷን በልተኸዋል። ልጅ ናት፣ አታውቅህም። እኔ ግን ማልቀስ እንደምትችልበት አውቃለሁ። አንተ በምትዘፍንበት ጭፈራ ቤት ጓሮ ዓሣ እጠብስ በነበረበት ጊዜ፣ በዘፈንህ ሴቱን ሁሉ አስለቅሰህ፣ ራስህም አብረህ አልቅሰህ፣ ወዲያው ወደ እኔ መጥተህ «አርዜላ፣ ትልቁን ዓሣ ለእኔ» ትለኝ ነበር። ፊትህ ገና ሳይደርቅ።

በቀብሩ ላይ ልናገር፣ ጊታሬንም ይዤ ልምጣ፣ ሁለት ደቂቃ ግን አይበቃኝም አልክ አሉ። እኛ ዘንድ በቀብር ላይ ለሚናገር ሰው ሁለት ደቂቃ እንደሚሰጠው ታውቃለህ። ስሙ ፕሮግራሙ ላይ የሚወጣው ቤተሰቡ ከፈቀደ ብቻ እንደሆነም አልረሳኸውም፤ ያንን ብትረሳ ኖሮ ባልደወልክ። ስለዚህ መልሱን የምሰጥህ እኔ ነኝ። በስልክ ብነግርህ ታቋርጠኛለህ፣ ታባብለኛለህ፣ ወንድሜ ነበር እያልክ ትጮህብኛለህ። በደብዳቤ ግን እስከ መጨረሻው ዝም ብለህ ትሰማኛለህ።

ቀብሩን ለቅዳሜ ያደረግነው ዘመዶቹ ከቺካጎና ከዲትሮይት እስኪገቡ ነው። ወጥ ቤቴ የናባው ተራራ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ባመጡት ምግብ ተሞልቶ መቆሚያ ጠፍቷል። የተጠበሰ ዶሮው፣ ባቄላው፣ የስኳር ድንቹ፣ ኬኩ ሁሉ እንዳለ ነው፤ የሚበላው ግን የለም። ሴቶቹ በረንዳው ላይ ሆነው ስለ ሎንዞ እያወሩ ይስቃሉ። እኔ ከጠረጴዛው ጫፍ ሳህኖቹን ገፋ አድርጌ ለአንተ እጽፋለሁ። ብስጭቴን ሳላወጣ ባሌን መቅበር አልፈልግም።

መቼም ልትናገር የምትመጣው ስለ ሎንዞ ከሆነ፣ ሎንዞን መጀመሪያ ከእኔ ስማ።

አባቱ ሙሴ ትሪብል በሐምሌ የሜዳ ድግስ ላይ ትልቁን ከበሮ ይመታ ነበር። በአንድ በኩል ፍየሉ ይጠበሳል፣ የሸምበቆ ዋሽንት የሚነፋው ሽማግሌ ከፊት ይመራል፣ ከበሮዎቹ ይከተላሉ፣ ሰው በአቧራው ውስጥ ይጨፍራል። አንተም ያደግከው እዚያው ነው፤ አንተ ግን ከፍየሉ ጋ አትጠፋም ነበር። ሙሴ ለልጁ ያስተማረው ነገር ቀላል ነው። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ዜማውን የሚያዞረው ትንፋሹ ሲያጥር ነው። ስለዚህ ከበሮ መቺ ምት አይቆጥርም፤ የፊተኛውን ሰው ትከሻ ያያል። ትከሻው ከፍ ካለ ሰውየው አዲስ ትንፋሽ እየሳበ ነው፤ ያኔ ከበሮው አብሮት ይዞራል። ሎንዞ ዕድሜውን ሙሉ የመታው እንዲህ ነው።

አንተ ደግሞ ቆጥረህ ዘፍነህ አታውቅም። ግጥሙ ሲጥምህ መስመሩን ታስረዝመዋለህ፣ ቆንጆ ሴት በበሩ ስትገባ ታሳጥረዋለህ፣ አንዳንዴ ጭራሹን ረስተኸው ከመሃል ትጀምራለህ። ከሜምፊስ ያመጣሃቸው ከበሮ መቺዎች አንዱን ዘፈን እንኳ ሳይጨርሱ ዱላቸውን ጥለው ይነሱ ነበር። ሎንዞ ግን መጠጥ ስለማይቀምስ የአሬራ ማሰሮውን ከእግሩ ሥር አስቀምጦ፣ ትከሻህን እያየ፣ የዞርክበት ሁሉ ይደርስልህ ነበር። ሰዉም «ሃርቬል አንድም ምት አይስትም» ይል ነበር። እኔ ከመጥበሻው ጀርባ ሆኜ እስቅ ነበር። አልዋሽህም፣ ድምፅህን እወደው ነበር። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ ድምፅህን ባልወደው ኖሮ ገና ድሮ ረስቼህ ነበር።

ሜምፊስ ሸክላ ልታስቀርጹ የሄዳችሁ ዕለት እኔም መኪናው ውስጥ ነበርኩ። ስቱዲዮ የተባለው ከጎማ መሸጫ በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። የሚቀርጸው ሰው የሎንዞን ትልቅ ከበሮ አንዴ ሰምቶ ይሄ ነገር መሣሪያዬን ያበላሽብኛል አለ። ውስጡ ብርድ ልብስ ከተተበት። አልበቃ ሲለው ከበሮውንም ሎንዞንም ወደ ኮሪደሩ አወጣቸውና ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጣቸው። የስቱዲዮውን በር ገርበብ አድርጎ ተወለት። ከዚያ ሆኖ ትከሻህ አይታይም። የሚታየው የቀኝ ጫማህ ተረከዝ ብቻ ነው። ሎንዞ ሁለቱን ዘፈኖች የመታው ተረከዝህ ላይ አፍጥጦ፣ ውሃ ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጎን ተቀምጦ ነው። ስትጨርሱ ላቡን እየጠረገ መጣና «ተረከዝህ ከአንተ ይሻላል፣ አይዋሽም» አለህ። አብራችሁ ሳቃችሁ።

በሕይወቱ የተቀረጸው ይኸው ነው፤ የአንድ ሸክላ ሁለት ፊት። ሸክላው ላይ የተጻፈው የአንተ ስም ብቻ ነው። እሱንም ሎንዞ ከምንም አልቆጠረውም።

ከዚያ ቺካጎ ይዘኸው ሄድክ። እዚያ የሆነውን ሎንዞ ነግሮኝ አያውቅም። የነገረኝ በዚያን ቀን ፒያኖ የተጫወተላችሁ የአጎቱ ልጅ ነው። የሸክላ ኩባንያው ሰው ክራባት ያሰረ የራሱ ከበሮ መቺ አዘጋጅቶ ነበር። ደረጃው ላይ ዱላውን ጭኑ ላይ አድርጎ የተቀመጠውን ሎንዞን አየና ይሄስ ማነው ብሎ ጠየቀህ። አንተ ምን አልክ? «የሀገሬ ልጅ ነው፣ ዕቃ ያግዘኛል።» ሎንዞ ይሰማሃል። ባለ ክራባቱ በቁጥር ሲመታ አንተ ያለ ቁጥር ስትዘፍን፣ እሱ ሲቀድምህ አንተ ስትጎትት፣ መጨረሻ ላይ የኩባንያው ሰው ተሰላችቶ ከበሮ የሚባል አያስፈልገኝም ብሎ ባለ ክራባቱን አሰናበተው። ያኔ አንዲት ቃል ብትናገር ሎንዞ ከደረጃው ተነስቶ ይገባ ነበር። አልተናገርክም። ሎንዞ ጊታርህን እስከ መኪናው ተሸክሞልህ፣ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ እኔ መጣ።

እዚህ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዳ። በሐምሌ በየሜዳው ድግስ መታ። በናባው ተራራም ሽማግሌዎቹ ከበሮ የጭፈራ ቤት ዕቃ ነው ብለው ሲከለክሉት ለረጅም ጊዜ በእግሩ ወለሉን እየመታ መዘምራኑን አጀበ፤ በመጨረሻ ራሳቸው ወለሉ ከሚሰነጠቅ ከበሮውን አምጣው አሉት። በኋላም ዲያቆን አደረጉት። ደስተኛ ሰው ነበር። አንተ ተቆርጦ የቀረ ምስኪን አድርገህ ልትስለው ካሰብክ አትችልም፤ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ታውቀው እንደሆነ አላውቅም፤ አንተ ባሕር ማዶ መዝፈን የጀመርክ ሰሞን አንድ የሆላንድ ልጅ ቤታችን መጥቶ ነበር። ዮስት ይባላል። ፀሐይ አፍንጫውን ልጣው፣ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በረንዳችን ሥር ቆመ። እኔና ሎንዞ አተር እየፈለፈልን ነው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ የሎንዞ ትሪብል መቃብር የት እንደሆነ ያውቃሉ?» አለው ለሎንዞ።

«የማን አልከኝ?»

«የሎንዞ ትሪብል። የከበሮ መቺው።»

ሎንዞ እኔን አየኝ።

«ሞቷል እንዴ?» አለ።

«አዎ ጌታዬ። ሃርቬል ሰግስ ራሱ ነው የነገረን። ሰክሮ ታላሃቺ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ሰመጠ አለን። ሲነግረን እንባው ይወርድ ነበር።»

«ሰክሮ?»

«አዎ።»

«በምን ሰከረ አላችሁ?»

ልጁ እሱን አናውቅም አለ። ሎንዞ አንድ እፍኝ አተር ሳህኑ ላይ ጨመረና ለመሆኑ ሰው እንዴት ስለ ሎንዞ ሊጠይቅ ቻለ ብሎ ጠየቀው። ልጁም ቀልጠፍ ብሎ ነገረን። እነሱ ሀገር ያንን ሸክላ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ከበሮው የማን ነው ብሎ ነው አለ። ድምፁ ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣ ይመስላል፤ እንደዚያ ያለ ምት የትም ሰምተን አናውቅም አለ። በሚቀጥለው ዓመት እሱን ይዘህልን ና ብለው ጠየቁህ። የሞተውም ያኔ ነው።

ገባህ፣ ሃርቬል? የሞተበትን ሰዓት አውቀዋለሁ። «እሱን አምጣልን» ሲሉህ ነው የገደልከው።

ሎንዞ አተሩን ከጭኑ አራግፎ ተነሳ። «ና ልጄ፣ ላሳይህ» አለው። እኔ ደሜ እየፈላ ተከተልኳቸው። መቃብር ቦታው ደርሰን ከእናቱ ድንጋይ ጎን ያለውን ባዶ ሣር አሳየው። ድንጋይ አልተከልንለትም አለው። ልጁ ቆቡን አወለቀ፣ ከአጥሩ ሥር አበባ ለቃቅሞ አምጥቶ አስቀመጠ፣ ሣሩን ፎቶ አነሳ። ሎንዞም ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቡ ቆመ። ቅዳሜ የምንቀብረው እዚያው ሣር ላይ ነው።

«ያውቁት ነበር?» አለው ልጁ።

«በደንብ እንጂ። ጥሩ ሰው ነበር። ሚስቱ ግን ቁጡ ናት።»

ልጁን አብልተን ሸኘነው። መኪናው ከዓይን እንደጠፋ ሎንዞ ላይ ጮህኩበት። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ጮኼበት አላውቅም። ለምን አለሁ አላልክም አልኩት።

«አለሁ ካልኩ ሃርቬል ምን ሊሆን ነው?» አለ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ሊባል። ገና አሁን ሥራ አገኘ፤ ተይው ይዝፈን።»

«አንተስ?»

«እኔ እዚህ ነኝ። አውቶቡሴ አለ፣ እሑድም አለ።»

«ሰክሮ ሞተ እኮ ነው ያለህ!»

ሎንዞ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሳህኑን መልሶ ጭኑ ላይ አደረገ። «አርዜላ፣ እሱ ድንገት ሲዞር እኔ ስከተለው ነው የኖርነው» አለ። «አሁን ደግሞ ወደዚህ ዞረ።»

በሁለታችሁም ተቃጠልኩ። ባሌ ግን ከጎኔ ተኝቶ ስለሚነሳ በእሱ ላይ የነበረኝ ብስጭት እያደር በረደ። የአንተ አልበረደም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ልንገርህ። ድምፅ መቅጃ የያዙ ነጭ ወጣቶች በየመንደሩ እየዞሩ ብሉዝ የሚያውቅ ሽማግሌ ሁሉ ፈለጉ። ከእኛ ማዶ ያለውን፣ ሦስት ጣት የቀረውን ጊታር ተጫዋች ሳይቀር ቀረጹት። የእኛን በር ያንኳኳ የለም፤ የሞተ ሰው ቤት ማን ያንኳኳል? መኪናቸው በደጃችን ሲያልፍ ሎንዞ እጁን ያውለበልብላቸዋል፤ እነሱም መልሰው ያውለበልባሉ። እሱ ይስቃል። እኔ ወደ ቤት እገባለሁ።

አልተጎዳም እንዳትል። አንድ ሐምሌ የሜምፊስ ሬዲዮ ያንን ዘፈን ከፈተና ሲያልቅ ተናጋሪው፣ ይህን ከበሮ የመታው ምስኪን በመጠጥ ሰበብ ወንዝ ገብቶ ቀርቷል አለ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዉ ሁሉ «ዲያቆን፣ ልብስህ ደረቀ?» እያለ ቀለደበት። አብሮ ሳቀ። ቤት እንደገባን ልብሱን ቀይሮ እንጨት መፍለጥ ጀመረ። በሐምሌ፣ በዚያ ሙቀት፣ እሳት ለማን ሊያነድ እንደሆነ እንጃ። አልጠየቅኩትም። መዳፉ ውሃ ቋጥሮ በቀጣዩ እሑድ ዱላ መያዝ አቃተው። ሰው ሲጠይቀው የአውቶቡሱ መሪ ነው የላጠኝ አለ። ይህን ያደረግከው አንተ ነህ፤ አጠገቡ ሳትኖር፣ ከባሕር ማዶ ሆነህ፣ በአንዲት ቃል።

እና አሁን፣ በእውነት ሲሞት፣ ደወልክ። ዐይንህን በጨው አጥበህ ደወልክ። የሞተው ሰው ድጋሚ ሲሞት ትንሽ እንኳ አልከበደህም? ለእህቴ ልጅ «ዜናውን ስሰማ ደነገጥኩ» ብለሃታል። እውነትህን ነው፣ መደንገጥ ይኖርብሃል።

እንደ እኔ ቢሆን መልሱ «አይሆንም» ነበር። ለቄሱም አይሆንም ብዬ ነግሬያቸው ነበር። ያሰረኝ ሎንዞ ነው። ልቡ ደክሞ ሆስፒታል በተኛበት፣ ድምፁ እንደ ሹክሹክታ ሆኖ፣ «ሃርቬል ከመጣ ይናገር» አለኝ።

«አይናገርም» አልኩት።

«አርዜላ።»

«አይናገርም አልኩህ።»

እጄን ያዘኝ። «እሱ ለብቻው እውነት መናገር አይችልም» አለ። «ሰው ፊት ሲቆም ብቻ ነው ልቡ የሚመጣው። አንቺ አቁሚው።» ከዚያ አሬራ ጠየቀኝ። ነርሷ አይፈቀድም አለች፤ እኔ ሰጠሁት።

ስለዚህ ስምህ ፕሮግራሙ ላይ አለ። «ወንድም ሃርቬል ሰግስ፣ ሁለት ደቂቃ» ይላል። የአውቶቡስ ጋራዡ ኃላፊ ከተናገሩ በኋላ፣ መዘምራኑ ሳይነሱ በፊት ነው። አንዲት ደቂቃ አልጨምርልህም። ጊታርህን ቺካጎ ተወው፤ ይህን በተመለከተ ሎንዞ ያለኝ ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ሳትዘጋጅ እንዳትመጣ ልንገርህ። የእኛን ቤተ ክርስቲያን ታውቀዋለህ። እዚህ የሚናገር ሰው ብቻውን አይናገርም፤ አንድ ቃል ሲል ሰዉ ይመልስለታል፣ ሲደክም ያበረታዋል፣ ሲጠፋበት ይጠራዋል። ደካማ ተናጋሪ እንኳ እዚህ ቆሞ ሲወርድ ነቢይ የሆነ ይመስለዋል። ትናንት ሁሉንም አናገርኳቸው። ከፊት የሚቀመጡትን እናቶች፣ መዘምራኑን፣ በር ላይ የሚቆሙትን፣ ከዲትሮይት ቀድመው የገቡትን ሳይቀር። ተነስተህ ሎንዞ ወንድሜ ነበር፣ እወደው ነበር፣ ናፈቀኝ ያልክ እንደሆነ ማንም አይመልስልህም። የምታለቅስ ከሆነ ታለቅሳለህ፤ መሐረብ የሚያቀብልህ የለም። ማራገቢያ አይነቃነቅም፣ እግር ወለል አይነካም። ሁለቱ ደቂቃ እስኪያልቅ ድረስ የሚሰማህ የራስህ ድምፅ ብቻ ይሆናል።

ነገር ግን ቆመህ፣ ሎንዞ በሕይወት እያለ ሞቷል ብያለሁ፣ አይጠጣም ነበር፣ ያልኩት እሱን ስለፈለጉት ቀንቼ ነው ካልክ፣ ብለህም ከተቀመጥክ፣ ያ ለባሌ ይበቃዋል። እኔ ጥቁር ለብሼ ከፊተኛው ወንበር እሆናለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፍህ እውነት ሲወጣ መጀመሪያ አሜን የምለው እኔ ነኝ። ሌላው ሰው የእኔን ድምፅ ይጠብቃል።

ቀብሩ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው።

የሎንዞ ትሪብል ሚስት፣
አርዜላ